የእጅ ዋጋ ለማን ይከፈል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ወርቁ ራሱ የተነገረ ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። ወርቁ ከምድራችን ይወጣል፤ ወርቁን አቅልጦና ቀጥቅጦ ጌጥ የሚያደርገው እጅም በመካከላችን አለ። ሆኖም የሠርግ ወራት በደረሰ ጊዜ ገንዘባችንን ይዘን የምንገሠግሠው መስተዋቱ ወደሚያንጸባርቀው ታላቅ መደብር ነው። በሐዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖር ተማሪም ሆነ በጽሕፈት ቤቱ የሚሠራ ወጣት ሹም ይህን ነገር ሊያስብበት ይገባዋል ብለን ስለምናምን፣ አሳባችንን በዛሬው እሑድ ለአንባብያን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የጌጥ ዋጋ ከምን እንደሚገኝ እንመልከት። አንድ የወርቅ ቀለበት ሁለት ዋጋ አለው፤ አንደኛው የወርቁ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ነው። የወርቁን ዋጋ የሚወስነው ሐዋሳም አዲስ አበባም አይደለም፤ የዓለም ገበያ ነው። አንድ አውንስ ወርቅ፣ ማለት 31 ግራም ያህል፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከ3,000 ዶላር አለፈ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻም ከ4,000 ዶላር በለጠ። ይህን ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርግ የሚችል ወርቅ ሠሪ በሠፈራችን የለም። የእጅ ዋጋ ግን የሰው ድካምና ጥበብ ዋጋ ነው። ከውጭ አገር ተሠርቶ የመጣውን ሐብል ስንገዛ የእጅ ዋጋው በዚያው በተሠራበት አገር ይቀራል። በአገራችን አንጥረኛ ያሠራነው እንደ ሆነ ግን ገንዘቡ ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ትምህርትና ለጉልት ገበያ ተመልሶ በከተማችን ይዞራል። እንግዲህ የአገሩን ሠራተኛ እንደግፍ ሲባል ምጽዋት እንስጠው ማለት አይደለም፤ የምንከፍለው የእጅ ዋጋ ለማን እንደሚደርስ ዐውቀን እንክፈል ማለት ነው።

ይህ ነገር በአገር ደረጃ ሲታይ ደግሞ የበለጠ ይገለጣል። ኢትዮጵያ በ2017 የበጀት ዓመት ወርቅ ወደ ውጭ ልካ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ወርቁ የሚሄደው ጌጥ ሆኖ ሳይሆን ገና ጥሬ ሀብት ሳለ ነው። ከሐዋሳ በስተ ደቡብ፣ በጉጂ ምድር፣ የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ይገኛል፤ በዚያው በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው አረንጓዴ የኤመራልድ ዕንቁም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ገበያ ስሙ ተነሥቷል። በወሎ የደላንታን ኦፓል የማያውቅ የዕንቁ ነጋዴ የለም። ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትርፍ እየበዛ የሚሄደው ዕንቁው ተሞርዶ፣ ወርቁ ተስቦ፣ ሁለቱ በአንድ ቀለበት ላይ ሲገናኙ ነው። ይህን የሚሠራው እጅ በእኛ ዘንድ ካልለማ፣ እኛ ጥሬውን ሻጮች፣ የተሠራውን ገዢዎች ሆነን እንቀራለን።

ይህን ሁሉ ዐውቆም ቢሆን ገዢው ወደ ትንሹ ሱቅ ለመግባት የሚያመነታበት ምክንያት አለው፤ እርሱን ማቃለል አይገባም። ገዢው የሚፈራው መታለልን ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል። ባለ 21 ካራት ጌጥ ከመቶው 87 ተኩል እጅ ወርቅ ሲሆን፣ ባለ 18 ካራት ከመቶው 75 እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው መዳብ ወይም ሌላ ማዕድን ነው። ስለዚህ 10 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ቀለበት 21 ነው ተብሎ ቢሸጥ፣ ገዢው አንድ ግራም ከሩብ ወርቅ ያጣል። አውንሱ በ4,000 ዶላር ሲታሰብ ይህ ወደ 160 ዶላር ይጠጋል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በፍተሻ ነው። የወር ደመወዙን አጠራቅሞ ቀለበት የሚያሠራ ወጣት ይህን ቢፈራ ማን ይፈርድበታል? ታላቁ መደብር ከቀለበቱ ጋር የሚሸጠው አንድ ነገር ቢኖር ይህን እምነት ነው። መደብሩ ነገ በቦታው እንደሚገኝ፣ ደረሰኝ እንደሚሰጥ፣ ቅሬታ ቢነሣም በር እንዳለው ገዢው ያስባል።

ሁለተኛው ችግር የገንዘብ ነው። በመስተዋት ውስጥ ሃያ ቀለበት ደርድሮ ለማሳየት ሃያ ቀለበት የሚሆን ወርቅ መግዛት ያስፈልጋል። ትንሹ ወርቅ ሠሪ ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? በሕግ የሚሰበሰበው የማዕድን ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባ ስለሆነ፣ እርሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ደንበኛው በሚያመጣለት አሮጌ ጌጥ ነው። አንዳንዱም ለባለ መደብር በቁራጭ ሥራ ያድራል፤ እርሱ በስተ ጓሮ ይሠራል፤ በስተ ፊት የሚጻፈው ግን የመደብሩ ስም ነው። ስለዚህ መደብሮችን ሁሉ በጠላትነት መመልከት ስሕተት ነው፤ ከእነርሱ ውስጥ የአገር ልጅ የሠራውን የሚሸጡ አሉና። በመኪና የተሠራው ቀጭን ሰንሰለትም አንዳንድ ጊዜ ከእጅ ሥራው ይልቅ የተስተካከለ መሆኑን መካድ አይቻልም። ገዢው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ይህን ማን ሠራው?»

ሦስተኛው ችግር ከገንዘብም ይከፋል፤ እርሱም ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን መስደብ በአገራችን የቆየ ነውር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን ከልብ ፈጽሞ አልወጣም። በሲዳማ ምድርም ሀዲቾ የተባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ አዋቾ የተባሉት ቆዳ ሠራተኞች፣ ቱንቲቾ የተባሉት ብረት ሠሪዎች በጋብቻና በማኅበር ተለይተው የኖሩ መሆናቸውን ስለ ሲዳማ ያጠኑ ሁሉ ጽፈውታል። የሰውየውን ሥራ በአንገታችን አድርገን እየተጌጥን ሰውየውን ከማዕድ ማራቅ ምን ዓይነት ሥልጣኔ ነው? ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣን እኛ ራሳችን ስንቶቻችን ነን ለልጃችን ወይም ለታናሽ ወንድማችን «ወርቅ ሠሪ ሁን» ብለን የምንመክር? ይህ እስካልተለወጠ ድረስ ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ በጭንቅ ሲተላለፍ ይኖራል እንጂ አይስፋፋም።

መድኃኒቱን ስንፈልግ ሌሎች አገሮች ያደረጉትን መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1300 በወጣ ሕግ የብር ዕቃ ተፈትኖ ምልክት ሳይታተምበት እንዳይሸጥ ተደነገገ፤ ከ1363 ጀምሮም እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ምልክት በሥራው ላይ እንዲያደርግ ታዘዘ። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወርቅ ጌጥ ላይ የካራት ምልክት መታተሙን በግዴታ አደረገች፤ የዓመት ሽያጫቸው ከ4 ሚሊዮን ሩፒ ያልበለጠውን ትናንሽ ነጋዴዎች ግን ከግዴታው አውጥታቸዋለች። የምልክቱ ጥቅም ግልጽ ነው። እምነት ከመደብሩ መስተዋት ተላቅቆ በቀለበቱ ላይ ሲታተም፣ ትንሹ ሠሪና ታላቁ ነጋዴ በገዢው ፊት እኩል ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የሚወዳደሩት በጥበብና በእጅ ዋጋ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ለመጀመር የግድ ታላቅ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። ክፍለ ከተማው አንድ የታመነ የካራት መፈተኛና አንድ የተፈተሸ ሚዛን አዘጋጅቶ፣ ገዢውና ሠሪው በመጠነኛ ክፍያ እንዲገለገሉበት ቢያደርግ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ወርቅ ሠሪዎች በማኅበር ተደራጅተው አንድ የመሸጫ ቦታ ቢያገኙ፣ ለብቻቸው የማይችሉትን ኪራይ በአንድነት ይችሉታል። ገንዘብ ያነሰው ጀማሪ ደግሞ ከወርቅ ይልቅ በብር ሊጀምር ይችላል፤ ድሪው፣ አልቦው፣ አምባሩና የአንገት መስቀሉ ዱሮም በብር ሲሠራ የኖረ ነው። አያቶቻችን የማርትሬዛን ብር እያቀለጡ ያጌጡበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ ስሙ በውጭ አገር ጭምር ታውቋል፤ ለበዓሉ ወደ ሐዋሳ የሚመጣው እንግዳ ወርቅ ቅብ የባዕድ ጌጥ ሳይሆን የአገሩን ሥራ ገዝቶ ቢመለስ ለሁላችንም ክብር ነው።

ከወርቅ ሠሪውም የሚፈለግ ነገር አለ። ጌጡን በደንበኛው ፊት ይመዝን፤ ካራቱን፣ ግራሙንና የእጅ ዋጋውን ለያይቶ በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ በተቀጠረበት ቀን ያስረክብ። የሠርግ ቀለበት ከሠርጉ ማግሥት ቢደርስ ምን ይጠቅማል? ቀጠሮ የማያከብር ሠሪ ደንበኛውን በገዛ እጁ ወደ ታላቁ መደብር ይልከዋል።

የወጣቱ ገዢ ድርሻ ግን ከሁሉ ይቀላል። ቀለበት የሚያሠራበት ቀን ሲደርስ፣ ወደ ታላቁ መደብር ከመግባቱ በፊት ከሠፈሩ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ጎራ ብሎ ዋጋ ይጠይቅ፤ ይመዝን፤ ያስፈትን፤ ደረሰኝ ይቀበል። ሥራው ጥሩ ሆኖ ካገኘው በዚያው ያሠራ፤ ካላገኘው ጉድለቱን ለሠሪው በግልጽ ይንገረው። ሠሪውንም «አንተ» ከማለት «እርስዎ» ብሎ ይጥራው፤ ይህ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።