ድንጋዩን ያየ
ባለፈው ቅዳሜ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ ነድተን ኩዩና ገባን። የወዳጄ ልጅ በተራራ ብስክሌት ሊወዳደር ነው። ቦታው የድሮ ብረት ማዕድን ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የሕዝብ መናፈሻ ሆነ፣ በ2011 የብስክሌት መንገዱ ተከፈተ። አፈሩ እንደ አገር ቤት ቀይ ነው፤ ድንጋዩና የዛፍ ሥሩ ግን አይጣል!

ልጁ ሁለቴ ወድቆ፣ ክርኑ እየደማ ጨረሰ። በሌሊት በእግሩ ሱዳን የገባው አባቱ፣ «በደህና አገር ምን ጎድሎህ ገደል ትፈልጋለህ?» አለው።

ልጁ ሳቀ። «አባዬ፣ ዓይን ድንጋዩ ላይ ከቀረ ጎማውም እዚያው ይሄዳል። የሚታየው መውጫው ነው።»

ስንመለስ ወዳጄ ብዙ አልተናገረም። እኔም ስንት ዓመት ድንጋዩን ብቻ ሳይ እንደኖርኩ እቆጥር ነበር።