ብረቱ ይውረድ ወይስ ይነሳ?

አማርኛ ጉልበትን ከጉልበት አይለይም፤ የሚታጠፈውም ጉልበት ነው፣ ለቀን ሥራ የሚሸጠውም ጉልበት ነው። በጅማ ገበያ የሚሰማው አፋን ኦሮሞ ግን መጋጠሚያውን ጂልባ፣ አቅሙን ሁምና ብሎ ለየብቻ ይጠራቸዋል። ማታ ማታ ጂም ገብቶ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ (ስኳት) የሚሠራ የጅማ ወጣትና በቡና ወቅት አጋሮ ላይ አይሱዙ የሚጭን ጫኝና አውራጅ ብዙም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። “የቱ ጋ ነው የሚያምህ?” ሲባሉ ግን ሁለቱም ጣታቸውን አንድ ቦታ ያሳርፋሉ፦ ከጉልበት ሎሚ ሥር፣ ሎሚውን ከቅልጥም አጥንት ጋር ባሰረው ጅማት ላይ።

ሕመሙ ሲጀምር ምክሩ ሁለት ነው። አንዱ “ብረቱን አውርድ፣ እረፍ” ይላል። ሌላው “አታቁም፣ አነሳስህን ቀይር” ይላል። ሁለት ጸሐፊዎች ጎራ ለይተው ተሟግተውበታል።

ይውረድ

ጡንቻና ጅማት አንድ አይደሉም። ጡንቻ ደም እንደ ልብ ስለሚያገኝ ቶሎ ይጠግጋል፤ ጅማት የሚደርሰው ደም ግን ጥቂት ነው፣ የሚጠግገውም በዝግታ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሥራ ይህን ባልታሰበ መንገድ አሳይቷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተካሄዱት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየሩን ልዩ በሆነ ካርቦን ሞልተውት ነበር። ተመራማሪዎቹ ያ ካርቦን በሰው የተረከዝ ጅማት ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለኩና፣ የጅማቱ እምብርት ከ17 ዓመት ዕድሜ ወዲያ ያን ያህል እንደማይታደስ ደረሱበት። የጉልበቱም ጅማት የዚያው ዘመድ ነው። በ25 ዓመቱ ስኳት ላይ ኪሎ የሚደራርብ ልጅ የሚጭነው ገና በጉርምስናው ተገምዶ ባለቀ ገመድ ላይ ነው ማለት ነው።

ገመዱ ብርቱ መሆኑን የሚክድ የለም። በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዜርኒክና ባልደረቦቹ ውድድር ላይ የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰበትን የአንድ ክብደት አንሺ ፊልም መርምረው፣ ጅማቱ በዚያች ቅጽበት የሰውየውን ክብደት ከ17 እጥፍ በላይ ተሸክሞ እንደነበር አስልተዋል። ብርቱ ነው፤ ሲበጠስ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ታሞ መግፋት ምን እንደሚያስከፍል ከኃይሌ ገብረሥላሴ በላይ ምስክር አይገኝም። በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ የተረከዙን ጅማት እያመመው ሮጦ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመ። አገር ጨፈረ፤ ኃይሌ ግን ከዚያ በኋላ የሄደው ወደ ቀዶ ሕክምና ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ.፣ በኒውዮርክ ማራቶን ዋዜማ የተነሳው ኤምአርአይ በቀኝ ጉልበቱ ፈሳሽ መቋጠሩንና የጅማት ብግነት መኖሩን አሳየ። በማግስቱ ሮጠ። ኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይ አቆመና በዚያው ዕለት ከሩጫ መሰናበቱን ተናገረ። የዓለም ምርጥ ሐኪም በስልክ የሚያገኘው ኃይሌ እንዲህ ከሆነ፣ ዳይክሎፌናክ ውጦ ብረት ሥር የሚገባው የጅማ ልጅ ምን ተስፋ አለው?

ጫኙ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል፤ በነጋዴው ሚዛን ሦስት ተኩል ፈረሱላ ያህል ነው። ወጣቱ የብረቱን ኪሎ ይመርጣል፤ ጫኙ የጆንያውን አይመርጥም። ቀን ሙሉ በታመመ ጉልበት ጣውላ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የዋለን ሰው “ማታ ደግሞ ለጅማትህ ስፖርት ሥራ” ማለት ጭነት ላይ ጭነት ነው። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ቪስነስና ባልደረቦቹ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን 29 የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን ውድድሩን ሳያቋርጥ በተዳፋት ጣውላ ላይ ቁጭ ብድግ ለ12 ሳምንት ሠራ። ምንም ለውጥ አልታየበትም። ሰው ዋናውን ጭነት ሳያወርድ ጅማቱ ፋታ ከየት ያገኛል?

ወጌሻውም የሚለው ይህንኑ ነው፦ አሽቶ፣ አስሮ፣ “አትርገጥበት” ይላል።

አይውረድ

የመጀመሪያው ጸሐፊ የካርቦኑን ታሪክ ከጀመረው አይቀር መጨረስ ነበረበት። እምብርቱ የማይታደስ ከሆነ እረፍትም አያድሰውማ! ሥራ የፈታ ጅማት ጥንካሬውን ያጣል፣ ከላዩ ያለው የጭን ጡንቻም ይሟሽሻል። ወጣቱ ለሦስት ሳምንት ያርፍና ሕመሙ ጠፋልኝ ብሎ ወደ ቀድሞ ኪሎው ይመለሳል፤ ሳምንት ሳይሞላው ጣቱ ከሎሚው ሥር ነው። ሕመሙ ዝም ያለው የነካው ስላልነበረ ነው።

ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍሬድሰን ጅማትን በክብደት ወደ ማከም የገባው በንዴት ነው ይባላል። የተረከዙ ጅማት አላስቀምጥ ቢለው አለቃውን ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግለት ጠየቀ፤ አለቃው “አልተበጠሰም” ብሎ እምቢ አለ። እንግዲያው ልበጥሰውና ይቅደደኝ ብሎ በክብደት ያሠቃየው ጀመር። ዳነለት። በ1998 እ.ኤ.አ. በ15 የትርፍ ጊዜ ስፖርተኞች ላይ ሞክሮ ያሳተመው የ12 ሳምንት ሥራ ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ ነው።

ለጉልበት ደግሞ ዴንማርካዊው ኮንግስጋርድና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. 39 ወንዶችን በሦስት መንገድ አከሙ። አንዱ ቡድን የስቴሮይድ መርፌ ተወጋ፣ ሌላው በተዳፋት ጣውላ ቁጭ ብድግ ሠራ፣ ሦስተኛው በሳምንት ሦስት ቀን ከባድ ክብደት በዝግታ አነሳ፦ ሦስት ሰከንድ ወደ ታች፣ ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ። ከ12 ሳምንት በኋላ ሁሉም ተሽሏቸው ነበር። በግማሽ ዓመቱ ሲታዩ ግን መርፌ የተወጉት ወደኋላ ተመልሰዋል፤ ክብደት ያነሱት እንደተሻላቸው ናቸው። “አንድ መርፌ ይወጋኝና ልገላገል” የሚል ሰው ይህን ሊሰማ ይገባል። በመርፌው ነገር ላይ ከመጀመሪያው ጸሐፊ ጋር ጠብ ያለ አይመስልም።

የኃይሌም ታሪክ በኩዊንስቦሮ ድልድይ አላበቃም። ገና ከድልድዩ በፊት፣ በቀዶ ሕክምናው ማግስት፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ ኤድመንተን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘ። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከኒውዮርኩ ስንብት በኋላ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ፤ በሚያዝያ 2011 ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። የታመመ ጅማት ያለቀለት ገመድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

“ጅማ ዴንማርኮቹ የተጠቀሙበት ማሽን የለም” የሚል ካለ፣ ማሽን አያስፈልግም። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ወንበር እንዳለ ያህል ለ45 ሰከንድ መቀመጥ፤ አርፎ አምስት ጊዜ መድገም። ሁለተኛው ዘዴ በየጭነት መኪናው ላይ ተጠቅልሎ አለ፦ መጫኛ። መጫኛውን ከምሰሶ ጋር አስሮ፣ ማሰሪያውን ከጉልበት በስተኋላ አዙሮ፣ ወደኋላ ተስቦ መቀመጥ። ጅማቱ ሲለምድ በሲሚንቶ የተሞላ ቆርቆሮም ሆነ ብረት መጨመር ነው። የሕመሙን ልክ ከዜሮ እስከ አሥር መስጠት ይጠቅማል፤ እስከ ሦስት ከሆነ መቀጠል ይቻላል። ዋናው ዳኛ ግን የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሲነሱ ከትናንቱ ብሶ ካመመ ኪሎው በዝቷል ማለት ነው። ስኳቱም በአንድ ጊዜ አይጣልም፤ ዝላዩና ሩጫው ይቀነሳል፣ ጥልቀቱ ያጥራል፣ ፍጥነቱ ይረግባል።

የቪስነስን ጥናት በተመለከተ ተጫዋቾቹ የሠሩት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ነበር፣ ያውም በውድድር መሀል። ያ የአጠቃቀም ስህተት እንጂ የመድኃኒቱ ስህተት አይደለም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

እንደ ግድግዳው ያለ ሳይንቀሳቀሱ የመሸከም ዘዴ ስሙ የገነነው በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ሕመሙን ለ45 ደቂቃ አስታግሷል፤ የተሞከረው ግን ስድስት የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ላይ ነው። ስድስት! አንድ አይሱዙ ለመጫን እንኳ ከዚያ በላይ ሰው ይሰለፋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኔዘርላንዱ ጥናት 76 ሰዎችን ይዞ ጭነትን ደረጃ በደረጃ መጨመር እንደሚሻል አሳይቷል፤ ይህን መቀበል ይገባል። ይሁንና ከ24 ሳምንት በኋላ በዚያ በተሻለው መንገድ ከሠሩት ውስጥ ወደ ቀድሞ ስፖርታቸው የተመለሱት 43 በመቶው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ሕመሙ የጅማት መሆኑን ማን አረጋገጠ? ጉልበቱ ካበጠ፣ እየተቀረቀረ አልዘረጋ ካለ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰ፣ ወይም ሲረግጡት ከከዳ ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከገራም ከሊሙ ገነትም ተነስቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በዕድገት ላይ ያለ የ13 ዓመት ልጅ ከጉልበቱ በታች ጉብ ብሎ ካመመውም የልጅነት ሕመም ነው፤ የጎልማሳ ክብደት አይሸከምም።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ሐኪሙ ይቅደም፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም። ስለ ጫኙም አንድ እርምጃ መቅረብ ይቻላል፦ በቡና ወቅት ምንም አይጨመርበት። ኮንግስጋርድ የጠየቀው 12 ሳምንት ነው። ከሐምሌ መባቻ ተነስቶ ቢቆጠር መስከረም አጋማሹን እንዳለፈ ያልቃል፤ የመጀመሪያው ጆንያ ጫንቃ ላይ ሲወጣ ጅማቱ ክረምቱን ሙሉ ተሰናድቷል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ይህን ሲያነብ ጠርዙ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። ክረምት ለጫኙ እጁ የሚያጥርበት ጊዜ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት የሚያነሳ ሰው ምን እየበላ እንደሚያነሳ መልሱ ውስጥ የለም። ሁለተኛው ጸሐፊ ግድግዳው ገንዘብ አይጠይቅም ብሎ መለሰ፤ ስለ ምግቡ ግን ያለው ነገር የለም።