የሰላዮች ትዳርና የሕዝብ ንቃት

ባልና ሚስት ሰላዮች ዓለም አቀፍ አሸባሪዎችን በጥይትና በፈንጂ ሲያርበደብዱ የሚያሳዩ ፊልሞች ከአዲስ አበባ አልፈው እስከ መካነ ሰላም፣ እስከ አቀስታና አጅባር ድረስ መዝለቃቸው የታወቀ ነው። ትናንት በቪዲዮ ቤት፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ይታያሉ። ሲሠራ የዋለ ሰው ማምሻውን ቢዝናና የሚነቅፈው አይኖርም፤ እኛም አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ፊልም እያዝናና ያስተምራልና፣ የሚያስተምረው ምን እንደ ሆነ መመርመር የነቃ ኅብረተሰብ ተግባር ነው።

በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ለእይታ የበቃውን «ትሩ ላይስ» የተባለውን ፊልም እንውሰድ። ባል የመንግሥት ሰላይ ነው፤ ሚስቱ ግን ኮምፒውተር ሻጭ ይመስላታል። አሸባሪዎች የኑክሊየር ቦምብ ይዘው ይዝታሉ፤ በመጨረሻም ባልና ሚስቱ አንድ ላይ ሆነው ድል ይነሣሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ዐረቦች ፊልሙ ሕዝባቸውን በጅምላ አሸባሪ አድርጎ ይሥላል ሲሉ ተቃውመውት ነበር። ተቃውሞው ተገቢ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የፊልሙ መካከለኛ ክፍል ነው። ባልየው ሚስቱ ሌላ ወንድ የለመደች መስሎት ይጠረጥራል። ወዲያውም ሕዝብ ከአሸባሪ እንዲጠበቅበት የተሰጠውን ኃይል ሁሉ፣ ስልክ መጥለፊያውን፣ ሄሊኮፕተሩንና የታጠቀውን ሰው በገዛ ሚስቱ ላይ ያዘምታል። አስይዞ በጨለማ ክፍል ያስቀምጣታል፤ ከመስተዋት ጀርባ ተሸሽጎ፣ ድምፁን ለውጦ ይመረምራታል። ተመልካቹ በዚህ ይስቃል። ሥልጣን ከታለመለት ዓላማ ወጥቶ የግል ቅናት መወጫ ሲሆን መሳቅን የለመደ ሕዝብ፣ ነገሩ በገዛ ሰፈሩ ሲደርስ ለመቃወም እንደሚቸገር ልብ ሊባል ይገባል።

ፊልሙ በወጣ በዓመቱ እውነተኛው ሽብር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲያመሩ፣ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ተኮሱባቸው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመልሶ አዳናቸው። ሁለት የኢትዮጵያ ፖሊሶች ሕይወታቸውን አጡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤትም በጥር 1988 ዓ.ም. ባሳለፈው ቁጥር 1044 ውሳኔ ሱዳን ሦስት ተጠርጣሪዎችን ለኢትዮጵያ አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ። በዚያ ቀን ቆንጆ ባልና ሚስት ከሰማይ አልወረዱም። የሞቱት በደመወዝ የሚያድሩ ጥበቃዎች ናቸው። ስለ ሴራው በኋላ የተጻፉ መጻሕፍት እንደሚሉት ከሆነ ደግሞ፣ በዚህ ታሪክ ትዳርን መሸፈኛ ያደረጉት አሸባሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ቤት ተከራይተው፣ ከአገሬው ሴቶች ጋር ተጋብተው ኖረዋል። እነዚያ ሴቶች በፊልም ቢሆን ኖሮ በመጨረሻው ሰዓት ሽጉጥ ይመዙ ነበር።

ትዳርና ስለላ መገናኘታቸው ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በመቅደላ አምባ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን የማያውቅ የደቡብ ወሎ ሰው የለም። የናፒየርን ጦር መንገድ በመምራትና መረጃ በማቀበል ካገለገሉት አንዱ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊሳዊ ነበር። ይህ ሰው በከረን ተቀምጦ፣ የቦጎስ ሴት አግብቶ፣ የሕዝቡን ቋንቋና ሥርዓት አጥንቶ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ለሚስቱ የነበረውን ፍቅር ልንመዝን አንችልም፤ በአማችነት ያገኘው ዕውቀት ለማን እንደ ዋለ ግን ታሪክ መዝግቦታል። በ1864 ዓ.ም. ለግብፅ አድሮ ያችኑ ከረንን ያዘ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር እየመራ ወደ አውሳ ሲዘልቅ አፋሮች በሌሊት ደመሰሱት። ሚስቱና ልጁም አብረው ሞቱ።

በውጭው ዓለም የሚጠቀሰው የቮልፍጋንግ ሎትዝ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። የእስራኤሉ ሰላይ ጀርመናዊ ፈረስ አርቢ መስሎ ካይሮ ሲገባ በእስራኤል ሚስት ነበረችው፤ ሆኖም ዋልትራውድ የምትባል ጀርመናዊት ጨምሮ አገባ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ሁለቱም ተያዙ፤ እርሱ ዕድሜ ልክ፣ እርሷ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1960 ዓ.ም. በእስረኛ ልውውጥ ተለቀቁ። እርሱ ያገለግለው የነበረው ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ወደ አንድ የግብፅ የሮኬት ፋብሪካ የላከው የታሸገ ፈንጂ አምስት ግብፃውያንን ገድሏል። በካይሮ ይህ ሽብር ይባላል፤ በቴል አቪቭ ሌላ ስም አለው። ፊልሙ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አያነሣም።

ጥያቄው በእኛም ላይ ተነሥቶ ያውቃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀበሌ ማኅበራት የማሰርና የመመርመር ሥልጣን ይዘው በነበረበት ጊዜ፣ ነጭ ሽብርን ለማጥፋት ተብሎ የተጀመረው ዘመቻ ራሱን ቀይ ሽብር ብሎ ሰየመ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ጆሮ ጠቢ ሆነ፤ በድንበርና በቂም የተጣላም ተጣይውን አስጠቆረ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜም ወሬ ከመኪና ይፈጥን ነበር። ስለዚህ ነው የሰፈር ጥበቃ ያየውን ድርጊት መዝግቦ ለሕግ ያቅርብ፣ በሰው ዘርና አነጋገር፣ በባልና ሚስት ጓዳም አይግባ የምንለው። ማን ገባ፣ ምን ጭኖ ገባ፣ ቤቱን ማን ተከራየ የሚሉት ጥያቄዎች በቂ ናቸው።

የራሳችን ሥነ ጽሑፍ ከሆሊውድ አስቀድሞ ይህን አይቶታል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ የወረደው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም፣ አዲስ አበባ እጮኛ እያለችው ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል፤ ፊያሜታም የሻዕቢያ ሰላይ ሆና ትገኛለች። በዚያ መጽሐፍ ሰላይዋ ታፈቅራለች፤ ለአንባቢውም ታሳዝናለች፤ ጠላት ሰው ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት በዓሉ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ልጆቹ የት እንደ ደረሰ የሚነግራቸው አጡ።