ውሃው ሳይዘጋጅ እንግዳ አይጠራም

በዚህ ዕትም ቤት ውስጥ ስለሚረባ ሽሪምፕ እንጨዋወታለን። ለድስት የሚሆነውን የባሕር ሽሪምፕ ማለቴ አይደለም። በመስታወት ገንዳ፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖረውን ትንሹን ቀይ ሽሪምፕ ነው። ቼሪ ሽሪምፕ ይሉታል። ዘሩ ከቻይናና ከታይዋን ወንዞች ነው። በተፈጥሮው ቀለሙ ደብዛዛ ሲሆን ቀዩን ያወጡት አርቢዎች መርጠው በማራባት ነው።

በብዙ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው። ገንዳው ቅዳሜ ይገዛል፣ በዚያው ዕለት ውሃ ይሞላል፣ ሽሪምፖቹም ይገባሉ። በሳምንቱ ልጆች እያለቀሱ የሞቱትን ይቆጥራሉ። ባልና ሚስትም «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ይባባላሉ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቸልተኝነት ሳይሆን ጥድፊያ ነው።

ከእንስሳቱ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ በስፖንጅ ማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ማጣሪያውን አስነሡ፣ በየሁለት ቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉበት፣ ታገሡም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን በሰፊ ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆዩት።

መሐል ሜዳ ላለን ሰዎች ሌላም ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሽሪምፑ በደንብ የሚራባው ውሃው ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ የኅዳር ሌሊታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማሞቂያና ቴርሞሜትር የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ የገንዳውን ጎን በባና ጠቅልሉት፤ አየር እንዲገባ ላዩን ተዉት። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ አታጨናንቋቸው፤ ለ40 ሊትር ውሃ በ10 ሽሪምፕ መጀመር ይበቃል።

ምግብን በተመለከተ ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተስማሙ። አባት ጠዋት፣ እናት ቀትር ላይ፣ ልጆች ማታ እየመገቡ ገንዳው የሚበላሽበት ቤት ብዙ ነው። መጋቢው አንድ ሰው ይሁን። በሁለት ቀን አንዴ የተቀቀለ ቆስጣ ቁራጭ ይበቃል፤ የተረፈውን በማግስቱ አውጡት። በቅጠልና በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ስስ አረንጓዴ አትፈትጉት፤ ዋና ቀለባቸው እሱ ነው። በዚያ ክፍል ፍሊት አይነፋ። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም ይገድላቸዋል።

አንድ ቀን ልጃችሁ «ሞተ!» ብሎ ሊጮህ ይችላል። ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱን ስለሚያወልቅ፣ የተገኘው ባዶ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። አትጣሉት፤ ካልሲየም ስላለው መልሰው ይበሉታል።

ሴቲቱ ለመራባት ስትደርስ ከጭንቅላቷ በስተኋላ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ እንቁላል ይታያል። ቅርፊቷን አውልቃ ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ እንቁላሎቹን ወደ ሆዷ ሥር ታወርዳቸዋለች። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ይሆናሉ። ለአንድ ወር ገደማ በእግሮቿ ታራግባቸዋለች። ሲፈለፈሉ ሚሊ ሜትር በምትቆጠር ቁመት፣ ልክ እንደ እናታቸው ሆነው ይወጣሉ። ልጆቻችሁን የዚያን ዕለት ጥሯቸው።

በመጨረሻ፣ ሲበዙባችሁ ለሌላ አርቢ ስጡ እንጂ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ። እምቦጭ በአበባው ማማር ከአገር አገር የዞረ ተክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ በዓሣ አስጋሪውና በገበሬው ላይ ያመጣውን መከራ ሁላችንም ሰምተናል። ከመንዝ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃም በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። በገንዳ ያመጣነውን እንግዳ በገንዳው እንጠብቀው።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቤታችሁ ይባረክ።