ሴራሚክ ሲቆረጥ የቤት እመቤት ልታውቀው የሚገባ

የመታጠቢያ ቤት ወይም የማድ ቤት ወለል ሴራሚክ ለማልበስ ባለሙያ ሲጠራ፣ ጩኸቱንም አቧራውንም ስትቀበል የምትውለው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስለ መቁረጫው ግራይንደር ጥቂት ጠይቆ መረዳት፣ «የወንዶች ጉዳይ ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም።

በቅድሚያ ዲስኩን ይመልከቱ። ብረት የሚቆርጠው ዲስክ ለሴራሚክ አይሆንም። ለሴራሚክ የሚስማማው ጠርዙ ሳይከፋፈል ዙሪያውን የአልማዝ ብናኝ ያለበት ነው፤ ጠርዙ እንደ ጥርስ የተከፋፈለው ለድንጋይና ለኮንክሪት ሲሆን፣ ሴራሚክ ላይ ሲያሳርፉት ይሸርፋል። ለቤት ሥራ ዲስኩ 115 ወይም 125 ሚሊ ሜትር የሆነው ትንሹ መሣሪያ ይበቃል። ትንሹ በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ባለ 230 ሚሊ ሜትሩ ትልቅ መሣሪያ የሚዞረው 6,500 ያህል ነው። እንግዲህ ለትልቁ የተሠራው ዲስክ፣ መከላከያ ሽፋኑ ተፈትቶ በትንሹ ላይ ሲገጠም ከአቅሙ በላይ ይዞርና ሊፈነዳ ይችላል። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር በመሣሪያው ላይ ካለው ማነስ የለበትም። ሽፋኑን አውልቆ የሚሠራ ባለሙያ፣ እጁ የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ እኛ ቤት አናስገባውም።

ይሁን እንጂ ከስለቱ ይልቅ ድምፅ ሳያሰማ የሚጎዳው አቧራው ነው። በሴራሚክ፣ በግራናይት፣ በጡብና በኮንክሪት ውስጥ ሲሊካ የተባለ ማዕድን አለ። በደረቁ ሲቆረጡ፣ ለዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባም ጠባሳ ያበጃል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህንኑ አቧራ እ.ኤ.አ. በ1997 ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። አውስትራሊያም ሲሊካ የበዛበትን ሰው ሠራሽ የማድ ቤት ጠረጴዛ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላለች።

ይህ ሲባል ሁለት ቀን ሴራሚክ የተቆረጠበት ቤት ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ይበልጥ የሚጎዳው ዓመታት በዚሁ ሥራ ላይ የሚውለው ሠራተኛ ነው። ከእርሱ ጋር ደግሞ በየግንባታው ቦታ ያንን አቧራ በደረቅ መጥረጊያ የሚጠርጉት ሴት የቀን ሠራተኞች አሉ፤ ለእነርሱ ጭንብል መስጠት ትዝ የሚለው አሠሪ ጥቂት ነው።

ባለሙያውን ሲያነጋግሩ ቀጥ ያለውን ቁርጥ በእጅ መቁረጫ እንዲሠራው ይጠይቁት። ይህ መሣሪያ ሴራሚኩን በትንሽ ጎማ ጭሮ የሚሰብር በመሆኑ አቧራው እጅግ አነስተኛ ነው። ግራይንደሩ ለማዕዘንና ለቧንቧ ቀዳዳ ብቻ ይቅር፤ እርሱም ደጅ፣ ነፋሱ ወደ ቤት በማይነፍስበት በኩል፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። ውኃ አቧራውን እንደሚያስቀር እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በውኃ እንዲሠራ ባልተዘጋጀ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ረዳት ቆሞ ውኃ ማፍሰሱ ለሕይወት ያሰጋል። በውኃ የሚቆርጥ ራሱን የቻለ ማሽን ስላለ፣ ሥራው ብዙ ከሆነ እርሱን መከራየት ይሻላል። ነጠላ ወይም ፎጣ አፍ ላይ መጠምጠምም ደቃቁን ብናኝ አያግድም፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ኤን-95 ጭንብል ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ በደረቁ አይጥረጉ። ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ በዚህ ሙያ የሚተዳደር ከሆነም፣ የሥራ ልብሱን ደጅ ለውጦ ይግባ። ልብሱን ሳያራግፉ በቀጥታ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ከሕፃናት ልብስ ጋርም አብረው አይጠቡት።