«ታዲያ ማታ የሚመጣብኝ ማነው?»



ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እዚህ ማክሰኝት ከማስቀራቸው ልጆች አንዱ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ ቀረበኝ። ሰባት ዓመቱ ነው። «ሸኽዬ፣ በረመዳን ሸይጧን ይታሰራል ብለውን አልነበር?» አለኝ። «አዎ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል» አልኩት። «ታዲያ ማታ የሚመጣብኝ ማነው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ እናቱ መጣች። «ሸኽዬ፣ ልጄን ጂን ሳይነካብኝ አልቀረም። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፤ ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም፤ ለሱሑር ስነሳ እንኳ ቀሚሴን አይለቅም። እባክዎ ቁርኣን ይቅሩበት» አለችኝ። ቀራሁበት። ከዚያም ልጁን ከጎኔ አስቀምጬ ቀስ እያልኩ ጠየቅኩት፤ ነገሩ ወጣ። እናትና አባት ለተራዊሕ ሲወጡ ልጁ ከዘመድ ልጅ ጋር ቤት ይቀራል። ጎረምሳው በስልኩ ፊልም ይከፍታል። በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት ነፍስ ዘርቶ፣ ቢላ ይዞ ሰው ያሳድዳል። ትንሹ ደግሞ ፈሪ እንዳይባል ዓይኑን ሳይከድን እስከ መጨረሻው አየ።

ጂን አልነበረም፤ ፊልም ነበር።

እናቱ እፎይ ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ በሽታውን አውቀዋለሁና።

በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ደረሳ ሳለሁ፣ በምንቀራበት ከተማ አንድ ቤት የቪዲዮ ማጫወቻ ገባ ተባለ። ከመግሪብ በኋላ ኡስታዛችን ሳያውቁ ሹልክ ብለን ሄድን። ፊልሙ ሙታን ከመቃብር ተነስተው ሕያዋንን ሲያሳድዱ የሚያሳይ ነበር። ቋንቋው አልገባንም፤ ፍርሃት ግን አስተርጓሚ አያሻውም። ስንመለስ እየተሳሳቅን ነበር፤ ሌሊቱን ግን አንዳችንም አልተኛን።

ወደ መስጂድ የሚወስደው መንገድ በመቃብር በኩል ያልፋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሱብሒ ሶላት ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ። ጀመዓው ያመልጠኛል፤ እገረፋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልናገርም። ቁርኣን አኸተምኩ፤ ነሕው ቀራሁ፤ ፊቅህ ቀራሁ፤ የጀናዛ አስተጣጠብን ሥርዓት ለሌሎች ማስቀራት ደረስኩ። ከዚያ አባቴ ሞቱ።

አባትን ለማጠብ ልጅ ይቀድማል። ገባሁ። ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ የመጣብኝ የአባቴ ፊት ሳይሆን ያ በልጅነቴ ያየሁት ምስል ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ውኃው ፈሰሰ፤ አጎቴ ተቀብለውኝ ጨረሱ። ሰዉ ሐዘን ነው አለ። ሐዘንም ነበር፤ ሐዘን ብቻ ግን አልነበረም። አንድ ምሽት ያየሁት ፊልም አባቴን የመሰናበት እድሌን ወሰደብኝ። ይህን ዛሬ የምጽፈው ወላጆች እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ብቻዬን እንዳልነበርኩ የተረዳሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሪስተን ሃሪሰንና ጆአን ካንተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ጥናት አሳትመው ነበር። ከተጠየቁት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በልጅነት ወይም በጉርምስና ያዩት ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት አስፈርቷቸው እንደነበር ተናገሩ፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ደግሞ ፍርሃቱ ገና አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ጆውስ» የተባለ የሻርክ ፊልም በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ባሕር ብቻ ሳይሆን ሐይቅና የመዋኛ ገንዳ ጭምር መግባት እስኪፈሩ ደርሰዋል።

ጣናን አስቡት። ጣና ውስጥ ጉማሬ አለ። የጣና ዳር ልጅ ጉማሬን ቢፈራ ደግ ነው፤ ፍርሃቱ ያድነዋል። ሻርክ ግን ጣና ውስጥ የለም። ፊልም የሚተክለው ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ከሌለ ነገር ያስሮጣል፣ ካለ ነገር ግን አያድንም። በእኛ አካባቢ ያለ ልጅ ደግሞ በእውን የሰማውና ያየው የሚያስደነግጥ ነገር አላነሰውም። በገንዘባችን በሞላነው ካርድ ሌላ ልንጨምርበት አይገባም።

አንዳንድ አባቶች «እኛስ በጅብ ተረት አላደግንም ወይ?» ይሉኛል። አድገናል። ነገር ግን አያታችን ተረቱን ሲነግሩን ጭናቸው ላይ ተቀምጠን ነበር። ዓይናችንን እያዩ፣ ስንፈራ ያለዝቡት ነበር። ጅቡም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ተታሎ ይቀራል። ስልክ ግን የልጁን ዓይን አያይም፤ ልጁ ሲንቀጠቀጥ አያቆምም፤ እንዲያውም አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያስከትላል።

ከመውቀሳችን በፊት ግን እኛ ዓሊሞችም ራሳችንን እንይ። በየስልኩ የሚዞሩ፣ የቀብር ቅጣትን በጩኸትና በሚያስበረግግ ምስል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። ለአምስት ዓመት ልጅ «ሶላት ካልሰገድክ እንዲህ ትሆናለህ» እያልን የምናሳይ አለን። እኔም በወጣትነቴ በመድረሳ ልጆችን በዚህ መንገድ አስፈራርቻለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ከቁርኣን 114 ሱራዎች 113ቱ የሚጀምሩት በአር-ረሕማን አር-ረሒም ስም ነው። ልጅ አላህን ማወቅ ያለበት በዚህ በር ገብቶ ነው። አላህን መፍራት ሰውን ወደ አላህ ያስጠጋል፤ የፊልም ዓይነት ፍርሃት ግን ልጁን ከጨለማ፣ ከሱብሒ፣ ከመቃብር ዚያራ ያሸሸዋል። ልጆቻችንን ሶላት እንድናዝ የተነገረን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ልቡ ለመስጂድ በሚከፈትበት በዚያው ዕድሜ በፍርሃት እንዳንዘጋው እንጠንቀቅ።

ማስደንገጥን እንደ ጨዋታ የምናይም አለን። ዲሽ ባለበት ቤት በየረመዳኑ የግብፃዊው ራሚዝ ጀላል ፕሮግራም ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 እንግዶቹን ባሕር ላይ በሻርክ ያስደነግጥ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሓቦቻቸው ጋር መንገድ ላይ ሳሉ አንዱ ተኝቶ ገመዱን ወሰዱበት፤ ደንግጦ ሲነሳ ሳቁ። እርሳቸው ግን ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ነገሯቸው። ለጎልማሳ ሰው፣ ለአንድ ገመድ እንዲህ ከተባለ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ሊባል ነው?

በሱረቱ ቁረይሽ አላህ (ሱ.ወ) ቁረይሾችን ሁለት ጸጋ ያስታውሳቸዋል፤ ከረሃብ ማብላቱንና ከፍርሃት ማዳኑን። በዚህ ወር ለመጀመሪያው ከዓስር ጀምሮ እንደክማለን፤ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ሾርባው ይጣዳል፣ ተምሩ ይታጠባል። ሁለተኛውን ግን ለስልክ ትተን ወደ ተራዊሕ እንወጣለን።

ስለዚህ ቤተሰቦች ሆይ፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ለተራዊሕ ስትወጡ ልጁንም ይዛችሁ ውጡ፤ ካልሆነ አንዳችሁ ቅሩ። ሕፃንን በስልክና በጎረምሳ እጅ ትቶ መውጣት አማና መጣል ነው። ሁለተኛ፣ የፈራ ልጅ ላይ አትሳቁ፤ «ወንድ ልጅ አይፈራም» አትበሉት። የአላህ ነቢይ ሙሳም (ዐ.ሰ) ፈርተዋል፤ አላህም አይዞህ አላቸው እንጂ አላፈረባቸውም። ትንሽ ልጅ ደግሞ «ውሸት ነው» ብትሉት ብዙ አይገባውም፤ የሚገባው እቅፋችሁ ነው። ሦስተኛ፣ ሱናውን አስለምዱት። ሲተኛ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን በመዳፉ ላይ ቀርቶ እፍ ብሎ ገላውን ይጥረግ፤ አያተል ኩርሲን ይቅራ። ክፉ ሕልም ካየ በግራው ሦስት ጊዜ እትፍ እትፍ ብሎ ከሸይጧን በአላህ ይጠበቅ፤ ጎኑን ቀይሮ ይተኛ። ልጁ ቀን ቀን እየተሻለው ካልመጣ ደግሞ ሐኪም ጋር መውሰድ ነውር የለበትም።

እኔ የዳንኩት አባቴ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ጀናዛ አጣቢ እጄን በእጃቸው ይዘው የጎረቤታችንን ጀናዛ አብረን አጠብን። «አይዞህ፣ ወንድምህ ነው፤ አንተን የሚጎዳበት አቅም የለውም፤ ዱዓህን ነው የሚፈልግ» አሉኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሳለሁ እንዲህ የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የአባቴን ፊት አጥቤ በሸኘሁ ነበር።

ያ ልጅ አሁን በየማታው ከአባቱ ጋር ተራዊሕ ይመጣል፤ ሁለት ረከዓ ይሰግድና የአባቱ ጋቢ ላይ ይተኛል። ሙሉ ለሙሉ አልዳነም፤ መብራት እንዲጠፋ ገና አይፈልግም። ለጥያቄው ግን መልስ ሰጥቼዋለሁ። «ልጄ፣ ሸይጧን ታስሯል። ማታ የሚመጣብህን ያስገባነው እኛ ትልልቆቹ ነን፤ የምናስወጣልህም እኛው ነን» አልኩት።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ቤታችንን ከረሃብም ከፍርሃትም ይጠብቅልን። ረመዳን ሙባረክ።