ሪሞቱ እጄ ላይ ነው፤ በሩ ግን አይከፈትም

ሌሊት 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እናቴ አስሟ ተነስቶባት ትንፋሽ አጥሯታል። የምትስበውን ፓፍ ደጋግማ ብትስብም አላሻላትም። መብራት የለም። እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ደግፈን፣ በስልክ መብራት እያየን፣ ከ3ኛ ፎቅ በደረጃ ወደ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ አወረድናት።

መኪናዬ የኤሌክትሪክ ናት። ማታ ሰክቻት ስላደርኩ 100 ፐርሰንት ቻርጅ አላት። እናቴን ከኋላ አስቀመጥናትና ሪሞቱን ተጫንኩ። ምንም የለም። መብራት እንደሌለ እያወቅኩ ደግሜ ተጫንኩ። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ነው።

የጥበቃ ሠራተኛችን፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ ሮጠው ጀነሬተሩን አስነሱ። አምፖሎቹ በሩ። «ይኸው ልጄ፣ አሁን ተጫን» አሉኝ። ተጫንኩ። ሞተሩ አቃሰተ፣ በሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። እንደገና ተጫንኩ፤ ተመልሶ ወረደ። ከኋላዬ የእናቴ ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

እንደዚህ ዓይነት በር በእጅ የሚከፈትበት መንገድ አለው። ጣሪያው ላይ ካለው ሐዲድ የሚንጠለጠል ቀይ ገመድ አለ፤ እሱ ሲሳብ በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። የኛው ገመድ ግን «ልጆች እየሳቡ አስቸገሩ» ተብሎ ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። በመጥረጊያ እንጨት ታግለን ፈታነውና ሳብነው። ከዚያ እኔና ጋሼ ጎንበስ ብለን በሩን ለማንሳት ሞከርን። ከጉልበታችን በላይ አላልፍ አለ። ድንጋይ ነው የሚመስለው።

እናቴን ያዳናት አንድ የምንስቅበት ጎረቤታችን ነው። ይህ ሰው ለመኪና ማቆሚያ ገንዘብ እየከፈለ መኪናውን ውጭ መንገድ ላይ ነው የሚያሳድረው። «በሩን አላምነውም» ይል ነበር፤ እኛም በቴሌግራም ግሩፓችን እናሾፍበት ነበር። ያን ሌሊት በሩን አንኳኳን፣ በፒጃማው ወርዶ፣ እናቴን በእግረኛ በር አውጥተን በሱ መኪና ሆስፒታል አደረስናት። ኦክስጅን ተደረገላት፣ ሲነጋ ተሻላት። የኔ መኪና 100 ፐርሰንት እንደሞላች ከተዘጋው በር ጀርባ ቆማ አደረች።

ይህን የምጽፈው በሩን ለመስደብ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ ውስጥ እኔም አለሁበት።

ከዚያ ሌሊት በፊት ለሳምንታት በሩ ምልክት ሲሰጠን ነበር። አንዳንዴ ግማሽ ድረስ ይወጣና ይቆማል። ጠዋት ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አምስት ስድስት መኪና ተሰልፎ ክላክስ ያስጮሃል። ግሩፑ ላይ «በሩ ዛሬም አምጿል» ተብሎ ይጻፋል፣ ከሥር የሳቅ ኢሞጂ ይደረደራል። አንዱ ባለሙያ መጥቶ አጥፍቶ አብርቶት ሄደ። ሌላው ግን ሞላው ወይም ስፕሪንግ የሚባለው ክፍል እያለቀ መሆኑንና መቀየር እንዳለበት ተናገረ። ኮሚቴው በየቤቱ መዋጮ ጠየቀ። እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ? «መጀመሪያ የሪሞታችሁን ባትሪ ቀይሩ፣ ገንዘብ አታባክኑ»። 14 ሰው ላይክ አደረገኝ።

ከሆስፒታል ስመለስ ግን ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ብዙዎቻችን በሩን የሚያነሳው ሞተሩ ይመስለናል። አይደለም። ወደ ላይ የሚወጣ የጋራዥ በር ክብደቱን የሚሸከመው ከበሩ በላይ ተጠምዝዞ የተቀመጠው ሞላ ነው። ሞተሩ የሚያደርገው ሚዛኑን የጠበቀውን በር መግፋትና መጎተት ብቻ ነው። ሞላው ሲደክም ወይም ሲሰበር ሙሉው ክብደት ሞተሩ ላይ ይወድቃል። ያኔ ትንሽ ያነሳና ይቆማል። ገመዱን ስበን እኔና ጋሼ ያቃተንም ለዚሁ ነው።

ሞላ ደግሞ ዕድሜ አለው። ለመኖሪያ ቤት የሚሠራው የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ያህል ለመክፈትና ለመዝጋት ታስቦ የተሠራ ነው። በአንድ ቪላ በቀን 4 ጊዜ ቢከፈት ወደ 7 ዓመት ያገለግላል። እኛ ሕንፃ ላይ 30 መኪና አለ። እያንዳንዱ ጠዋት ቢወጣና ማታ ቢገባ በቀን 60 ጊዜ ነው። 10,000ን ለ60 ስናካፍለው 166 ቀን፣ ማለትም አምስት ወር ተኩል ገደማ ይመጣል! ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ዕቃ ለ30 ቤተሰብ ገጥመን፣ ሲደክም «ይሄ በር ተንኮለኛ ነው» እንላለን።

በርግጥ ሁሉም ችግር ከሞላው አይመጣም። በሩ አልዘጋም ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከታች በግራና በቀኝ ያሉት ትንንሽ ዓይኖች፣ ማለትም ሴንሰሮቹ፣ ላይ ነው። አቧራ ይሸፍናቸዋል፣ ወይም ሰው በእግሩ ነክቶ ያዞራቸዋል። በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃ ይሆናል። ሪሞቱ ከቅርብ ካልሆነ አልሠራ ካለ ደግሞ ባትሪውን እዩ፤ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎችም የሬዲዮ ሞገዱን ይረብሻሉ።

ሴንሰሮቹን «አስቸገሩ» ብላችሁ እንዳታስነቅሉ ግን። እንዲሁ ለጌጥ የተገጠሙ አይደሉም። በአሜሪካ ሕፃናት በነዚህ በሮች ሥር ተጨፍልቀው ከሞቱ በኋላ ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ የሚመረት የመኖሪያ ቤት የጋራዥ በር ሞተር ሁሉ የሚዘጋበት ነገር ካለ መመለሻ መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ የታዘዘው።

ሌላም ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያ ከባድ የሰደድ እሳት ሲነሳ መብራት ጠፋ። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ለማምለጥ የሞከሩ ሰዎች የጋራዥ በራቸው አልከፈት አላቸው፤ በዚህ ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈ መኖራቸውም ተዘገበ። ግዛቲቱ በቀጣዩ ዓመት ሕግ አወጣች። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ የመኖሪያ ቤት የጋራዥ በር ሞተር መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት መጠባበቂያ ባትሪ ሊኖረው ግድ ሆነ። መብራት ብርቅ ባልሆነበት አገር እንዲህ ከታሰበ፣ እኛ በሳምንት ስንት ጊዜ ጨለማ ውስጥ የምንቀመጠው ምን ልንል ነው?

እውነቱን ለመናገር ባትሪ ብቻውን እኛን ያን ሌሊት አያድነንም ነበር፤ ጀነሬተር እያለም አልተከፈተም። የጎደለን ሦስት ነገር ነበር፦ በጊዜው የተቀየረ ሞላ፣ እጅ የሚደርስበት ቀይ ገመድ፣ እና ገመዱን መጠቀም የሚያውቅ ሰው። ለጋሼ ሪሞት ሰጥተናቸዋል፤ ሪሞቱ እንቢ ሲል ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያሳያቸው ግን የለም። እንደውም በሩ አውቶማቲክ ከሆነ ወዲህ «ለምን ሁለት ሰው?» ተብሎ የማታው ጥበቃ ወደ አንድ ሰው ዝቅ ብሏል። ሥልጣኔ ገዛን፣ እሱን የሚያግዘውን ሰው ቀነስን።

አውቶማቲክ በር ይቅር የሚል አቋም የለኝም። በዝናብ ከመኪና ወርዶ የብረት በር መግፋትን የሞከረ ይህን አይልም። የምለው፣ በእጅ የማይከፈት በር በር ሳይሆን ግድግዳ ነው። ገንቢዎች ሕንፃ ሲሸጡልን የበሩን ውበት ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ መከፈት እንደሚችል ይንገሩን። ኮሚቴዎችም ለሊፍት እንደሚያደርጉት ለበሩም ቋሚ የጥገና ጊዜ ይያዙ። እኛ ነዋሪዎች ደግሞ መዋጮ ሲጠየቅ ከመቀለዳችን በፊት እናስብ። ይህችን መጀመሪያ ለራሴ ነው የምላት።

አንድ ፍተሻ ልንገራችሁ። በሩ ሙሉ ለሙሉ ተዘግቶ ሳለ ገመዱ ተስቦ ከሞተሩ ይላቀቅና በእጅ እስከ ግማሽ ይነሳ። ሞላው ደህና ከሆነ ባለበት ይቆያል። ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ወይም ለማንሳት ከከበደ ባለሙያ ይጠራ። በሩ ሥር ማንም አይቁም። ሞላውን ራሳችሁ እንዳትነኩት፤ ታምቆ ያለው ኃይል እጅ ይሰብራል።

የኛ በር አሁን ሞላው ተቀይሯል፣ ገመዱም ወርዷል። ጋሼ በየወሩ መጀመሪያ ይፈትኑታል። ጎረቤታችን ግን አሁንም መኪናውን ውጭ ነው የሚያሳድረው፤ የሚስቅበት የለም።

እናንተም ዛሬ ማታ ስትገቡ የሕንፃችሁን ጥበቃ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «አሁን መብራት ቢሄድ ይህን በር እንዴት ነው የምንከፍተው?» መልስ ከሌላቸው ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። ስልካችሁን አውጡና እዚያው ቆማችሁ ግሩፑ ላይ ጻፉት። ኢሞጂ አታስከትሉበት።